ላልነበረች ልጅ ያለቀስኩ ዕለት

በዕድሜዬ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ። ያልሞተ ሰው ለቅሶ ሄዶ ደረቱን የደቃ ግን በአሶሳ ከተማ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ያልሞተ ስል ደግሞ አሳንሼ ነው፤ ጭራሽ ያልተወለደ። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ግን ገበያ ስወጣ “እማማ የሺ፣ ዛሬስ ማን ሞተ?” እያሉ የሚስቁብኝ ሴቶች አሉ። ይሳቁ። በዚያ ሳምንት የልጅ ልጄን ላጣት አንድ ክንድ ያህል ቀርቶኝ እንደ ነበር አያውቁም።

ያን ጊዜ ለውዝ እሸጥ ነበር። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጠርኩ፣ ከዚያ በማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ደረስኩና ቆምኩ። አነባለሁ፤ ግን ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ እንደ አሮጊት አካሄድ ቀስ ብዬ ነው። ሰፈር ውስጥ “ዳኛዋ” ይሉኛል፤ ማንም ሳይሾመኝ። ቦኖ ውኃ ላይ ተራ አልፋ የመጣች የባለሥልጣን ሚስት ጄሪካኗን አንስቼ ከሰልፉ መጨረሻ ወስጄ ያስቀመጥኩባት እኔ ነኝ። ተኮሳትራ አየችኝ። “ውኃው እንጂ ተራው አይፈስም” አልኳት። እንዲህ ነበርኩ። ለሁሉም የድርሻው እንዲደርሰው ስጮህ ኖሬያለሁ።

ቤቴ ውስጥ ያለነው ሁለት ነበርን፤ እኔና መክሊት። መክሊት የልጄ የፋንታዬ ልጅ ናት። ፋንታዬ እኔ ከወሎ መጥቼ እዚሁ ከሰፈርኩ በኋላ የወለድኳት፣ በወባ የተነጠቅኋት ልጄ ናት። መክሊት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሥራ ፍለጋ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ወጥቶ በዚያው ቀረ። እና እኔ አሳደግኋት።

ይህ ወግ ሲጀምር ዐሥራ ስድስት ሞልቷት ዐሥረኛ ክፍል ገብታለች። በዚያ ዓመት መምህር ግዛቸው የሚባል የአማርኛ አስተማሪ ከመተከል ተዛውሮ መጣ። ሺናሻ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። ለወጣቶች የተጻፉ ልቦለዶች በካርቶን ሞልቶ ይዞ መጥቶ የንባብ ክበብ አቋቋመ። ደንቡ አንድ ነው፤ ያነበበ ልጅ ሁሉ ልቡ ውስጥ የቀረውን በደብተር ይጽፋል። የመጽሐፉን ታሪክ ሳይሆን የራሱን ስሜት።

መክሊት እንደ እሳት ተያያዘች። ለውዝ ስትፈለፍል ታነባለች፣ ውኃ ወረፋ ላይ ቆማ ታነባለች። ማታ ማታ እራት ላይ ደግሞ ወሬዋ ሁሉ ሊያ ሆነ።

“እምዬ፣ ሊያ እኮ ዛሬ ደግሞ ወደቀች።”

“ምነው! የት?”

“ደረጃ ላይ። ልቧ ነው።”

“ሐኪም አላያትም?”

“አይቷታል። ቀዶ ጥገና ተራ እየጠበቀች ነው።”

“ተራ?” እጄን ከትሪው አነሳሁ። “ስንት ጊዜ ጠበቀች?”

“ዓመት ሊሆናት ነው።”

“አንድ ተራዋን የበላባት ሰው አለ! ዘመድ ያለው ቀድሟት ይሆናል። እናቷ ምን ትላለች? ለምን ሄዳ አትጮህም?”

መክሊት ሳቀች። ስትስቅ ልክ እንደ እናቷ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። “አንቺ ብትሆኚ ሆስፒታሉን ታፈርሺው ነበር” አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለውዝ ቀቅዬ በፌስታል ቋጠርኩና “ይኸን ለሊያ ስጫት። ልብ ለደከመው ሰው ጥሩ ነው” አልኳት። ፌስታሉን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እየቀለድኩ መስሏት ነው። እኔ ደግሞ ደስ ብሏት ነው አልኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሊያን ስንጠይቅ፣ ስናስታምም ከረምን። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሟን ጠርቼ ጸልያለሁ። የክርስትና ስሟን ስላላወቅሁ “አንተ ታውቃታለህ” አልኩት ፈጣሪን።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ መክሊት ዐይኗ አብጦ መጣች። ምሳ አልቀመሰችም። “ምን ሆንሽ?” ብላት “ምንም” ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ወጣች። አልጋዋን ላነጥፍ ስገባ ደብተሯ ትራሱ ሥር ተከፍቶ ተኝቷል። የሰው ደብተር ማንበብ ደግ አይደለም፤ ግን ልጅ ሁለት ቀን ጾም ስትውል ዝም አይባልም። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስገባሁ።

“ትናንት ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሊያ ሞተች። ታናሽ እህቷ ቤዛ ግን እስካሁን አታውቅም።”

ደብተሩ ከእጄ ወደቀ።

የቀረውን አላነበብኩም። በዚያ ሰዓት ማን ያነባል? ክፍል ውስጥ! ልጆች እያዩ! ልጄም ይህን አፍና ይዛ ብቻዋን ታለቅሳለች። ደግሞ የእኔን ለውዝ የበላች ልጅ፣ ስሟን ጠርቼ የጸለይኩላት ልጅ፣ እኔ ሳልደርስላት አፈር ሊበላት? እኛ ዘንድ ለቅሶ ሰምቶ የቀረ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ወገቤን በመቀነት አሰርኩ፣ በአጥሩ በኩል ሐዋን ጠራኋት።

ሐዋ የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ የሽመል አጥር ተካፍለን የኖርን ጎረቤቴ።

“ሐዋ! የመክሊት ጓደኛ ሞተች!”

“ያ ልብ የሚያመው ልጅ?” አለች ሐዋ፤ ስለ ሊያ እሷም ሰምታለች። “ላ ኢላሃ ኢለላህ! እኔ ይመጣል፣ ቆይ፣ ቶብ ይለብሳል።” ቶቧን ተከናንባ ወጣች። ብርቄን ከማዶ ጠራናት፤ ብርቄ ሙሾ አውጪ ናት፤ በሰፈራችን ያለ እሷ ለቅሶ ጨው የለውም።

የሊያን ቤት ስለማናውቀው ትምህርት ቤቱ ይመራን ብለን ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ልብሳችንን ሲያይ ሙዚቃውን አጠፋ።

“ማን ሞቶባችሁ ነው እማማ?”

“ልጅ። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ።”

“እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አለና መንገዱን ሁሉ ጡሩምባ ሳይነፋ በቀስታ ነዳ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባርኔጣውን አውልቆ ሳይፈትሽ አስገባን። ብርቄ ከበሩ ጀምሮ አወረደችው፦

ደወሉ ሳይደወል ከክፍል የወጣሽ፣
ሊያ የኔ እመቤት ምነው ቸኮል አልሽ!

እኔም ደረቴን ደቃሁ። ሐዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና ተከተለችን። መስኮቱ ሁሉ በልጆች ጭንቅላት ሞላ። ከአንዱ ክፍል “ሊያ ሞተች እኮ!” የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ከሌላው ክፍል ሁለት ልጃገረዶች እየተንሰቀሰቁ ሮጠው ወጡ። በዚህ መሐል አንዲት አጭር ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል መስኮት አንገቷን አውጥታ በፍርሃት ጮኸች፦

“እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?”

ለካ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሊያ የምትባል በሕይወት ያለች ልጅ አለች። ጓደኞቿ ዞረው አይተዋት የባሰውን ጮኹ።

ርእሰ መምህሯ ከቢሮዋ ወጣች፤ መምህራኑ ወጡ። ከዚያ ልጆቹን እየገፋች መክሊት ደረሰች። ያን ፊቷን አልረሳውም። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

“እምዬ… ሊያ እኮ መጽሐፍ ውስጥ ያለች ናት።”

“ምን?”

“ልቦለድ ነው። የለችም። ኖራም አታውቅም።”

ብርቄ ሙሾዋን ከመሐል ቆረጠች። ከዚያ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ እንደ በረዶ ከየመስኮቱ ወረደብን። መክሊት ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ሮጠች።

ሰው ሲያፍር ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይደበቃል፣ ወይ ይቆጣል። እኔ መደበቅ አልችልበትም። ርእሰ መምህሯ ቢሮ ገብቼ ውኃ ሲሰጡኝ ጠጥቼ እንኳ ሳልጨርስ መምህር ግዛቸውን ያዝኩት።

“አንተ ነህ ለልጆች የሬሳ መጽሐፍ የምታድል? የሌለ ሰው ሞት ታሸክማቸዋለህ? የእውነቱ አንሶን ነው?”

“እማማ፣ ስላስደነገጥኩዎ ይቅርታ” አለ። “መጽሐፉን ሃያ ልጆች አንብበውታል። ሁሉም አለቀሱ። በማግስቱ ኳስ ይጫወቱ ነበር። መክሊት ግን አልወጣላትም። ደብተሯን አንብበውታል?”

“ሁለት መስመር አንብቤያለሁ።”

“ሁለት መስመር ብቻ?”

“ሁለት መስመር እዚህ አድርሶኛል! ሦስተኛው የት እንዲያደርሰኝ ነው?”

ርእሰ መምህሯ መሐል ገባች። እንዲህ ያለ ቅሬታ ካለ በማግስቱ ጠዋት የወላጅ ኮሚቴው ይሰማዋል፤ ወላጅ ካልተስማማ ክበቡ ይዘጋል፣ መጽሐፎቹም ተሰብስበው ይመለሳሉ አለች። “ቅሬታዎን ያቀርባሉ?”

“አቀርባለሁ። ካርቶኑ ከነገ አይለፍ።”

ቀና ስል መክሊት በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ዞራ ሄደች። ምነው በተቆጣችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት መውጫዋ ነው። ዘጠኝ አለፈ፤ ዐሥርም ሆነ። ለውዜን ሳልሸጥ በር ላይ ቆምኩ። ካፈርኩት ይልቅ የፈራሁት በለጠ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ከተማ ሁሉ ስቆባት ወዴት ትሄዳለች? ነጠላዬን አንስቼ ልወጣ ስል ሐዋ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። ስትጠራኝ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

“የሺ፣ ና። ልጅ እኔ ቤት ነው። አይጮህም፣ አያለቅስም። ዝም ብሎ ቁጭ አለ። እኔ ፈራ።”

ገባሁ። መክሊት በሐዋ ቤት ጥግ ምንጣፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን እንኳ አላወለቀችም። ፊቷ ወደ ሽመሉ አጥር፣ ወደ እኛ ቤት ነው።

“ተነሺ፣ ቤት እንግባ” አልኳት። “ነገሩ አልፏል። ሰው ዛሬ ስቆ ነገ ይረሳል።”

“እምዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።”

“ጠይቂ።”

“ሊያን አይተሻት ታውቂያለሽ?”

“እንዴት አያታለሁ፣ የለችም አልሽ አይደል?”

“አላየሻትም። ግን ሞተች ስትባይ ነጠላሽን አዘቀዘቅሽ። ሰው ሰበሰብሽ። ሙሾ አውጪ አመጣሽ። ለማታውቂያት ልጅ።” ቀና ብላ አየችኝ። “እናቴ ስትሞት እኔ የት ነበርኩ?”

“እዚህ ነበርኩ” አለች፤ ምንጣፉን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። “እዚችው ላይ። ‘ሐዋ ጋ ሄደሽ ተጫወቺ’ ብለሽ እጄን ይዘሽ አመጣሽኝ። ሦስት ቀን። ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ይሰማል። ‘ምንድን ነው?’ ብዬ ሐዋን ጠየቅኋት። ምን አለችኝ መሰለሽ?”

ሐዋ ቶቧን ወደ አፏ ሰበሰበች።

“ሰርግ ነው አለችኝ። እኔም ጨፈርኩ። ሐዋ ገንፎ በለውዝ አበላችኝና ተነሥቼ ጨፈርኩ። ያ ጩኸት የአንቺ ነበር እምዬ። እናቴን ሲቀብሯት እኔ እዚህ እስክስታ እመታ ነበር።”

“ወላሂ እውነት ነው” አለች ሐዋ። መሬት ላይ ቁጭ አለች። “እኔ ነው የዋሸ። የሺ ‘እንዳይሰማ’ አለኝ። ምን ይላል እኔ? ልጅ ሲጨፍር እኔ ወደ ጓሮ ሄዶ አለቀሰ።”

እንደ ልማዳችን ነው ያደረግሁት። መርዶ ለልጅ አይነገርም፤ ልጅ ከለቅሶ ቤት ይሸሸጋል። እኔም ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ለቅሶ ተሸሽጌያለሁ። “እናትሽ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዳለች” አልኳት። ትንሽ ከፍ ስትል እነግራታለሁ እያልኩ፣ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ስለ እናቷ መጠየቅ አቆመች። ልጅ ቶሎ ይረሳል፣ ገባት ማለት ነው፣ ተመስገን አልኩ። ማን እንደ ነገራት እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

“መጽሐፎቹን ነገ አስወስጃቸው” አለች መክሊት። “ግን ከመፍረድሽ በፊት ደብተሬን ጨርሰሽ አንብቢው። አንቺ ነሽ ‘ሁለቱንም ወገን ሳልሰማ አልፈርድም’ የምትዪው።”

ቤት ገብቼ ደብተሩን ከወደቀበት አነሳሁና ጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር ወጥቼ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገና ነበረች። ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስገብቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

በዚያ ደብተር የልጄን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። አባቱ ሰካራም ስለሆነ ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ አንብባ “እኔ አባት የለኝም ብዬ ስቀና የኖርኩት በከንቱ ነው እንዴ?” ብላ ጽፋለች። ፊቷን እሳት ስለ በላት ልጅ የሚያወራውን ደግሞ “ይህን መጽሐፍ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አዘንኩለትና አንስቼ ሳምኩት” ትላለች። ብቻዬን ሳቅሁ። በአንዱ ገጽ ከደራሲው ጋር ተጣልታለች፤ “ውሻውን መግደል ምን አስፈለገህ?” ብላ።

ከዚያ ሊያ ጋ ደረስኩ። ከሁለቱ መስመር ቀጥሎ ደብዳቤ ነበር። ለሊያ ሳይሆን ለታናሽ እህቷ።

“ውድ ቤዛ፣ አክስትሽ ቤት ልከውሻል። ሊያ ሆስፒታል ናት ብለውሻል። አትመኛቸው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ስለሚወዱሽ ነው የሚዋሹሽ፤ ስለዚህ ልትቆጫቸውም አትችዪም፤ የሚያመው እሱ ነው። ግን አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ከሃያ ገጽ በኋላ እናትሽ አቅፋ ትነግርሻለች፤ ቀድሜ አይቼዋለሁ። እኔን የነገረኝ የለም። ሁለተኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ እርሳሴን ስትቀማኝ ‘ለእናቴ እነግራለሁ’ አልኳት። ‘እናት የለሽም እኮ’ አለችኝ። እርሳሱን ተውኩላት። ቤት ገብቼ እምዬን አየኋት፤ ለውዝ እየለቀመች ታንጎራጉራለች። እኔ ካለቀስኩ እሷ የዋሸችው ሁሉ ከንቱ ሊሆንባት ነው። ስለዚህ አላለቀስኩም። አሁን ላንቺ ሳለቅስ ማቆም አቃተኝ።”

ስምንት ዓመት። ያቺ ትንሽ ልጅ እኔን እንዳይከፋኝ ብላ እንባዋን ስምንት ዓመት ይዛልኛለች። የሰው ጄሪካን ከሰልፍ ሳነሳ፣ ተራ ተበላ ብዬ ስጮህ፣ ቤቴ ውስጥ ድርሻዋን የተነጠቀች ልጅ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ ትበላ ነበር። ነጣቂዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ጠዋት ኮሚቴው ተሰብስቧል። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ታሽጎ ተቀምጧል። መምህር ግዛቸው አንገቱን ደፍቷል። መክሊት ከክበቡ ልጆች ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

“ቅሬታዎን ያቅርቡ እማማ” አለች ርእሰ መምህሯ።

ተነሣሁ። “ክሴን አንስቻለሁ። የከሰስኩት ያላጠፋውን ሰው ነው። መምህር፣ በሰው ፊት ዘልፌሃለሁና በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካርቶኑን ፍቱት።”

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቀ። “ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ለዚህ ነው የሰበሰቡት?”

“አይደለም። ፈቃድ ልጠይቅ ነው። ለመክሊት የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ።”

ርእሰ መምህሯ በጥርጣሬ አየችኝ፤ የትናንቱን እንዴት ትረሳዋለች! “አሁን ደግሞ ማን ሞቶ ነው?”

“እናቷ።”

“መቼ?”

“የዛሬ ስምንት ዓመት።”

የሳቀ አልነበረም። መክሊትን አላየኋትም፤ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ርእሰ መምህሯ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳችና ፈረመች።

የእድራችን ዳኛ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። “ወይዘሮ የሺ፣ ድንኳን የሚተከለው ለአዲስ ሬሳ ነው። ፋንታዬን ቀብረናል፣ ሦስት ቀን ተቀምጠናል፣ ጨርሰናል” አለኝ።

“እኛ ጨርሰናል። እሷ መች ጀመረች? ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ይገባዋል ብሎ እድሩ ደንብ አለው። ሟች ስንት ልጅ ነበራት?”

“አንድ።”

“አንዷ ያኔ ተቀምጣለች?”

ድንኳኑን ሰጠን። ሐዋ ራሷ በመጀመሪያው ምሰሶ ላይ እጇን አሳረፈች፤ “ዛሬ ሰርግ አይደለም” አለች መክሊትን፤ “ዛሬ እውነት ነው።” ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣ። መጀመሪያ ለማየት መጣ፤ አሮጊቷ አብዳለች ተብሏልና። ግን መክሊት ከፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ “እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?” ብላ ስትጠይቅ ያልተንሰቀሰቀ አልነበረም። ብርቄ መለሰችላት፤ ፋንታዬ ልጅ ሳለች ከማንጎ ዛፍ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ነበር። እኔ እናቷ ረስቼው ነበር። እንዲህ እያልን ሦስት ቀን ፋንታዬን ከየሰው አፍ ለቃቅመን ሰጠናት። የሳቅንበትም ነበር። የሐዋ ልጆች ከቁርኣን ፋቲሓን አነበቡላት። መምህር ግዛቸው የክበቡን ልጆች ይዞ መጣ፤ ያቺ በሕይወት ያለችው ሊያ ሳትቀር፤ ገብታ መክሊት አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

በሦስተኛው ቀን ሐዘኑ ሲነሣ ሰው ተሰልፎ ሐዘንተኛዋን “እግዚአብሔር ያጽናሽ” እያለ ይሰናበት ጀመር። እኔ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ፤ ተራዬን ጠበቅሁ። ስደርስ ጎንበስ ብዬ እንደ ማንኛውም ሰው “መክሊት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ” አልኳት። እጄን ይዛ አልለቀቀችም። ጠጋ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ከፈተችልኝ።

“ቁጭ በይ እምዬ። ላንቺም እኮ ልጅሽ ናት።”

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ልማድ ይሻር የምልበትም ሥልጣን የለኝም። ግን ልጅ ቶሎ ይረሳል የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ልጅ አይረሳም፤ ይደብቅላችኋል። ልጃችሁ ስለሌለ ሰው መጽሐፍ አንብቦ ሲንሰቀሰቅ ብታገኙት ደግሞ አትሳቁበት፣ መጽሐፉንም አትቀሙት። ቁጭ በሉና “ማን ሞተ?” ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።

ያ ክረምት የሕይወቴ ጣፋጩ ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መክሊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኝ ነበር። የሊያን መጽሐፍ ከመጀመሪያው አነበብነው። ሐዋም በዝናብ ቶቧን ተከናንባ ትመጣና “ዛሬ ማን ይሞታል? መጀመሪያ ንገረኝ” ትላለች። መክሊት “አልነግርሽም” ትላታለች። አሳዛኙ ገጽ ላይ ስትደርስ ታቆምና ፊቴን ታያለች፤ እችለው እንደሆነ። “ቀጥዪ” እላታለሁ።

አሁን ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ለውዝ መሸጡንም ትቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። ሌላው ሰው ልጁን “በላሽ ወይ? አመመሽ ወይ?” ይላል፤ ልጅም “ደህና ነኝ” ብሎ ይገላግለዋል። እኔ “ምን እያነበብሽ ነው?” እላታለሁ። ስለዚያ ስጠይቃት አትዋሸኝም።